ዓም ሳሲ ሙሉውን የተናገሩበት ዓመት

ዓም ሳሲ፣ እንደ አጎት ቆጥረን «ዓም» የምንላቸው ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ፣ ካረፉ አራት ዓመት ሆናቸው። በደሴታችን በዓጣያ ወደብ ላይ ስማቸው ሲነሳ ሰዉ የሚያወራው ስለ ቀልዳቸውና ስለ ቁጣቸው ነው። አንድ ጊዜ ከዋናው ምድር የመጣ ሹም ሸርፊያቸውን፣ የባሕር አጥራቸውን፣ ካላየሁ ሲላቸው፣ ከነጫማው ጭቃ ውስጥ አቁመው ውሃው እስኪሞላ ድረስ ትንታኔ የሰጡበትን ቀን ያልሰማ የለም። ሰው ሲሞት የሚቀረው እንዲህ ነው፤ የሚያስቀውን ለቅመው ይይዙለታል። እኔ ግን ሳቁ አይመጣልኝም። እኔ የማውቀው ሌላ ነገር ነው። በውስጡም ስላለሁበት ማንም አይጽፍልኝም፤ ራሴው ልጻፈው።

ስሜ ናዚሃ ይባላል። በቱኒስ አገር፣ በቀርቀና ደሴት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አባቴ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ይህን የምለው ከዓሣ አጥማጅ ቤት እንዳልተወለድኩ እንዲታወቅ ነው። በእኛ ደሴት ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ባሕር ውስጥ መሬት ያለውና የሌለው። እኛ የሌለን ነን። ዓም ሳሲ ያላቸው ነበሩ።

ሸርፊያ ማለት ባሕር ውስጥ የሚተከል አጥር ነው። የዘንባባ ዝንጣፊ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ በመስመር ይተከላል። ውሃው ሲጎድል ዓሣው አጥሩን ተከትሎ ሄዶ ሄዶ ጫፉ ላይ ካለው ቅርጫት ይገባል። መረብ የለው፣ ሞተር የለው። ዝንጣፊው ስለሚበሰብስ በየዓመቱ በመስከረም መጨረሻ እንደገና ይተከልና ሰኔ ላይ ይነቀላል፤ ባሕሩም ያርፋል። ቦታው እንደ እርሻ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል፤ ስምም አለው። የዓም ሳሲ ሸርፊያ ስሟ «የሐሊማ» ነበር። ሐሊማ ቅድመ አያታቸው ናቸው፤ ሲዳሩ በጥሎሽ የተሰጣቸው ያ የባሕር ቁራጭ ነው። «ለሌላው ሴት ወርቅ ይሰጣታል፣ ለኛዋ ጭቃ ሰጧት፤ ግን ወርቁ የታለ? ጭቃው ይኸው!» ይሉ ነበር።

ዓም ሳሲ ትምህርት ቤት የገቡት ሦስት ዓመት ብቻ ነው። በሃያ ሁለት ዓመታቸው እንደ ጓደኞቻቸው ማርሴይ ሄደው የመርከብ ቀለም ቀቢ ሆኑ። ሁለት ዓመት እንደሠሩ አጎታቸው ደብዳቤ ጻፉላቸው፤ አባትህ አልጋ ይዟል፣ የሐሊማ ዘንድሮ አልተተከለችም የሚል። በሦስተኛው ቀን መርከብ ላይ ነበሩ። አንድ ዓመት ሳይተከል የቆየ ሸርፊያ መስመሩን አሸዋ ይበላዋል። እሳቸው ሲደርሱ ግማሹ ጠፍቶ ነበር። አባት አልጋ ላይ ሆነው እያስታወሱ፣ ልጅ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእግሩ እየዳበሰ፣ ስድስት ወር ፈጅቶባቸው መለሱት። ከዚያ ወዲያ ዓም ሳሲ ከደሴቲቱ ወጥተው ያደሩት ሁለቱን ሴት ልጆቻቸውን ማዶ ስፋቅስ ከተማ ሲድሩ ብቻ ነው።

እኔና እሳቸውን ያገናኘን ኤሊ ነው። የባሕር ኤሊ በጸደይ ወራት ዓሣውን ተከትሎ ሸርፊያው ውስጥ ይገባል። አይሸጥ፣ አይበላ፤ ቅርጫት ይሰብራል እንጂ። ባለቤቱ ጎህ ሲቀድ ያወጣውና ይለቀዋል። የባሕር ተመራማሪው ዶክተር ለስዓድ ከስፋቅስ የመጣው እነዚህን ኤሊዎች ለማጥናት ነበር። ሰላሳ ገጽ መጠይቅ ይዞ ቱሃሚ ቡና ቤት ገብቶ ለአጥማጆቹ ማከፋፈል ጀመረ። እኔ የትምህርት ቤት ወረቀት ላስፈርም ሄጄ እዚያው ነበርኩ።

«ዶክተር፣ የኤሊዎቹን ስም ብቻ ነው ወይስ እስከ አያት ነው የምንጽፍልህ?» አለው ቱሃሚ፣ የቡና ቤቱ ባለቤት። ቱሃሚ ሰው ካልለከፈ ቀኑ የማይመሽለት ሰው ነው።

«ብቻ ስንት እንደገባ...»

«ይሄ ልጅ እግሩን ውሃ ነክቶት ያውቃል?» አሉ ዓም ሳሲ ከጥግ፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው።

ቡና ቤቱ በሳቅ ሞላ። ዶክተሩ ግን ወረቀቱን ሰበሰበና «አልነካኝም። ነገ ይዘውኝ ይገባሉ?» አላቸው። በማግስቱ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ገባ፤ ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ በሰማያዊ ሸርጣን ተነከሰ። ያ ሸርጣን ከሩቅ ባሕር መጥቶ መረብም ዓሣም ስለሚቆራርጥ አጥማጆቻችን «ዳዒሽ» ብለው፣ በአሸባሪዎቹ ስም፣ ነው የሚጠሩት። ዓም ሳሲ በጣሳ ውሃ እግሩን እያጠቡለት «በል እንግዲህ፣ አሁን ዶክተር ሆንክ» አሉት።

ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ስል አሁንም ትንሽ ኩራት ይሰማኛል፤ ደግሞም ያሳፍረኛል። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራዬን ከፍቼ ወንበሮቹን በክብ አስቀመጥኩ። ሰሌዳው ጋ የሚቆም ሰው እንዳይኖር ጠመኔውን ደበቅኩ። ሦስት አስተማሪዎች፣ ከስፋቅስ ሁለት ተመራማሪዎች፣ አሥራ አንድ የሸርፊያ ባለቤቶች፣ የቀሩት ዘጠኙ በጎ ፈቃደኞች፤ ከእነሱም ቱሃሚ፣ የመርከብ ትኬት ቆራጩ፣ አንዲት አዋላጅ ነርስ። ሰዉ «ሐልቃው» አለው፣ ክቡ ለማለት ነው።

የመጀመሪያውን ደንብ ያወጡት ዓም ሳሲ ናቸው። «መጀመሪያ የሚናገር ውሃ ውስጥ ያደረ ነው። መጽሐፍ ውስጥ ያደረ መጨረሻ ይናገራል» አሉ። ሁለተኛው የእኔ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ይዞ ይምጣ። ሦስተኛው የዶክተሩ ነው፤ ስለ ባሕራችን የሚጻፍ ወረቀት ከደሴቲቱ ከመውጣቱ በፊት ክቡ ውስጥ ይነበብ። ሦስቱንም ደንብ በአንድ ድምፅ ተቀበልን። ቱሃሚ ብቻ «እኔ የማላውቀው ነገር የለም፤ በምን ልምጣ?» አለ።

አምስት ዓመት እንዲህ ሄድን። በሕይወቴ እንደዚያ የተማርኩበት ጊዜ የለም። ዓም ሳሲ በየትኛው ነፋስ ትንንሾቹ ኤሊዎች፣ በየትኛው ትልልቆቹ እንደሚገቡ ይነግሩን ነበር፤ ዶክተሩ ለምን እንደሆነ ይናገራል፤ ካላወቀም «አላውቅም» ይላል፤ እሳቸውም «ጎበዝ!» ይሉታል፣ እንደ ተማሪ። በጎ ፈቃደኞቹ ኤሊ መለካትና ክንፏ ላይ የብረት መለያ ማድረግ ተማሩ። የኔ ተማሪዎች አባቶች፣ ልጆቻቸው ፊት ቀርበው የማያውቁ ሰዎች፣ ክፍሌ ውስጥ ቆመው ስለ ባሕር ሣር አስተማሩ። ወሩ ሲደርስ አሥራ አንዱም ሰዎች ስንት ኤሊ እንደለቀቁ ይናገራሉ፤ እኔ እመዘግባለሁ። ጎህ ሲቀድ ከእነሱ ጋር የሚቆም ሰው ስለሌለ ያለን የእነሱ ቃል ነበር። ዓም ሳሲ ዓመቱን ደምረው አሥራ ሰባት፣ ሃያ፣ አሥራ ስምንት፣ ሃያ አንድ፣ አሥራ ዘጠኝ አሉ። ከዚህ ከአሥራ አንዱ ሰዎች ቃል ነበር ዶክተሩ የኤሊዎቹን ብዛት በየዓመቱ የሚያሳየውን መስመር ወረቀት ላይ የሠራው። መስመሩ ያምር ነበር። ከግርጌው «ለስዓድ» ተብሎ ተጽፎ፣ ከጎኑ «ናዚሃ»።

በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ አካባቢ አንድ እሑድ ሽምብራ በብርጭቆ ሞልቼ መጣሁ። ስንት እንደሆነ ሁሉም በልቡ ይገምት አልኩ፤ ከዚያ ግምቱን ሁሉ ደምረን ስናካፍለው ከእውነቱ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ አሳየኋቸው። ቀጥዬ ደግሞ ሁለት ሰዎች ሆን ብለው አሳንሰው እንዲናገሩ አደረግኩና የሚመጣውን ጥፋት አሳየሁ። ሰዉ ተደነቀ። ቱሃሚ ሽምብራውን በላው። ዓም ሳሲ ግን የዚያን ቀን አልቀለዱም።

በማግስቱ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ቀዩን ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘውታል።

«ልጄ፣ ትናንት ያልሽው ነገር አልለቀቀኝም።»

«ምኑ ዓም ሳሲ?»

«ሽምብራው። እኔ ግማሹን ነው የምነግርሽ።»

«የምን ግማሽ?»

«የኤሊዎቹን ነዋ። አሥር ቢገባ አምስት ነው የምለው።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ኧረ ለምን ብለው?»

«ለምን ትላለች እንዴ! የዚህ አገር ልጅ አይደለሽም? አባቴ ‹ከባሕር ያገኘኸውን ሙሉውን በአፍህ ከጠራኸው የሰው ዓይን ይበላዋል፤ ግማሹን ጥራ፣ ግማሹን ዋጠው› ብሎ ነው ያሳደገኝ። ሁላችንም እንደዚያው ነን። አሥራ አንዳችንም።»

«እሱማ ዓሣ ላይ ነው። ኤሊ አይሸጥ፤ በኤሊ ማን ይቀናል?»

«እሱን አፌ አያውቅም፣ ልጄ። አፌ የለመደው መክፈል ነው።»

ልማዱን አውቀው ነበር። ልጅ ሆኜ አባቴ ወደብ ላይ «ስንት ያዛችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰማውን ቁጥር በልቡ በሁለት ያባዛ ነበር። ግን አንድም ቀን፣ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን፣ ወደ ኤሊው አላመጣሁትም። የተማርኩት እኔ፣ ከዚህ የተወለድኩት እኔ። ዶክተሩ ባያውቅ አይፈረድበትም።

«ከዘንድሮ ጀምሬ ሙሉውን እናገራለሁ» አሉኝ። «ይፈራል፣ ግን እናገራለሁ። የሌሎቹን እኔ አላውቅም። ያለፈውን አንቺ አስተካክዪልኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሰው መሃል ቆሜ ዋሽቼ ነበር ማለት አይሆንልኝም። አንቺ አነጋገሩን ታውቂበታለሽ።»

«እሺ ዓም ሳሲ። አስተካክለዋለሁ» አልኩ።

እሺ ያልኩት ከልቤ ነው። ችግሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቱኒስ ላይ የተመራማሪዎች ትልቅ ስብሰባ ነበር። ያ የሚያምረው መስመር በቀለም ታትሞ ደርሷል። እኔ፣ ከደሴት ወጥቼ አንድም ስብሰባ ላይ ተናግሬ የማላውቅ አስተማሪ፣ ሩብ ሰዓት እንድናገር ተሰጥቶኛል። አሁን ብናገር ምን ይሆናል? የዓም ሳሲ ብቻ አይደለም የሚፈርሰው፣ የአሥራ አንዱም ነው፤ አምስት ዓመት ዜሮ ይሆናል። ከስብሰባው ስመለስ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ቱኒስ ሄድኩ፣ ተናገርኩ፣ አጨበጨቡልኝ። አንድ ሽበታም ፕሮፌሰር መጥቶ እጄን ጨብጦ «እናንተ ያደረጋችሁትን ማንም አላደረገም» አለኝ። ከዚያ በኋላማ ማን ይናገር! ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ ወራት አለፉ። በዘገየሁ ቁጥር ደግሞ ጥያቄው ተለወጠ። መጀመሪያ «ለምን ቁጥሩ ተሳሳተ?» ነበር፤ ኋላ «አንቺ እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?» ሆነ። ይኼኛውን መመለስ አልቻልኩም።

ዓም ሳሲ ቃላቸውን ጠበቁ። በየወሩ ክቡ ውስጥ ተነሥተው ቁጥሩን ሲናገሩ ድምፃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌላው ሰው አላስተዋለም፤ እኔ አስተውያለሁ። ሰኔ ላይ ሸርፊያዎቹ ተነቀሉ። የእሳቸው ድምር ሠላሳ ዘጠኝ መጣ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ረፋድ ኦክቶፐስ እያጠብኩ ስልክ ጮኸ። እጄ እርጥብ ስለነበረ በክንዴ ደግፌ አነሳሁት። ዶክተር ለስዓድ ነው።

«ናዚሃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የዓም ሳሲ ቁጥር እጥፍ ሆኗል። የሌሎቹ እንዳለ ነው። የተለወጠ ነገር አለ እንዴ? ቅርጫት ቀየሩ? ቦታ ጨመሩ?»

 ቧንቧው ክፍት ነበር፤ የውሃው ድምፅ አሁን ድረስ ይሰማኛል።

«የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪኝ» አለ። «ያላንቺ ይሄን ማንም ሊያስረዳኝ አይችልም።»

«የማውቀው ነገር የለም» አልኩ።

«እንግዲያው እንዳለ እጽፈዋለሁ። የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ሐሙስ ይፈልገዋል፤ ክቡ ውስጥ ለማንበብ ጊዜ የለንም።»

«ግድ የለም» አልኩ።

ግድ የለም! ሦስተኛውን ደንብ በሁለት ቃል ጣልነው፤ አንደኛውም አብሮት ወደቀ። ዓም ሳሲ ያን ወረቀት ቢሰሙት ኖሮ ተነሥተው «እኔ ነኝ፣ እንዲህ ነው ነገሩ» ይሉ ነበር፤ ኀፍረታቸውን ውጠው ይናገሩት ነበር። ያን ዕድል የነሳኋቸው እኔ ነኝ።

በመስከረም፣ ዝንጣፊው ተቆርጦ ግቢያቸው ውስጥ ተከምሮ ሳለ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣላቸው። እሑድ ዕለት ክቡ ሲሰበሰብ አምጥተው ሰጡኝ። «አንብቢልኝ፣ መነጽሬን ረስቼ» አሉ። ሁልጊዜም መነጽራቸውን ይረሳሉ፤ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ምንም ብሎ አያውቅም።

አነበብኩ። «የሐሊማ» የተባለው ሸርፊያ የሚይዘው የኤሊ ብዛት በአንድ ዓመት እጥፍ ሆኖ ስለተገኘ፣ ኤሊዎቹን ለመጠበቅ ሲባል ከዚህ ዓመት ጀምሮ ለአምስት ወቅት እንዳይተከል ተወስኗል ይላል። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ለልጆች ሳነብ ኖሬ አፌ ለምዶታል መሰለኝ፤ እስከ መጨረሻው ተነበበ።

«ምን?» ብሎ ቱሃሚ ተነሣ። «ሽማግሌው እንደ ልጅ ልጃቸው አቅፈው ነው የሚለቋቸው! ዶክተር፣ ይሄ ያንተ ሥራ ነው?»

ዶክተሩ ፊቱ ነጭ ሆነ። «እኔ ይዘጋ አላልኩም። ይጠና ነው ያልኩት። ቁጥሩን ብቻ ነው የጻፍኩት።»

«ቁጥሩን ብቻ! ቁጥሩን ማን ሰጠህ? እኛ ነን እኮ!»

ክፍሉ ተንጫጫ። ዓም ሳሲ እጃቸውን አነሱ፤ ጸጥ አለ።

«ልጁን ተዉት» አሉ። «ማንም አላጠፋም። አባቴ ነግሮኝ ነበር። አፌን ሞልቼ ተናገርኩ፣ የሐሊማ ሄደች። በቃ።»

ተመራማሪዎቹ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባቸውም። አሥሩ የሸርፊያ ባለቤቶች ግን ገባቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ ቀስ ብሎ ቆቡን አጠለቀ።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ጋ ክንዴን ያዙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንቺ የምትችዪውን አድርገሻል፣ ልጄ። ዓይን ነው። ዓይንን ምን ታደርጊዋለሽ?» አሉኝ። ያለፈውን ቁጥር አስተካክዬ፣ ሳይጠቅም የቀረ ነበር የመሰላቸው። እኔ፣ በዓይንና በጥንቆላ አትመኑ እያልኩ አንድ ትውልድ ያስተማርኩ ሴት፣ ያን ጊዜ «ዓይን አይደለም» ማለት አቃተኝ። ለእሳቸው ያ እምነት ማጽናኛ ሆነ፤ ለኔ መደበቂያ።

ከዚያ በኋላ ሐልቃው እንደ ዝንጣፊው በሰበሰ። በሚቀጥለው ወር ከአሥራ አንዱ አራቱ መጡ። «ስንት ገባ?» ሲባሉ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። «ስንት ነው ግን?» «አልሐምዱሊላህ አልንህ እኮ!» በጸደይ አንዳቸውም አልመጡም። በጎ ፈቃደኞቹ የሚለኩት ኤሊ ስላጡ ቀሩ። ዓም ሳሲ ቱሃሚ ቡና ቤት ተቀምጠው ለሌሎች ሸርፊያ ቅርጫት ይሠሩ ነበር። ወደ ትምህርት ቤት በዚያ መሄድ ይቀርበኛል፤ እኔ ግን በመስጊዱ ዞሬ እሄድ ጀመር። ሁለት ዓመት ሙሉ በመስጊዱ ዞርኩ።

የመጨረሻው እሑድ ስድስት ሰው ነበርን። ወንበሮቹን እንደ ድሮው ሃያ አምስት አድርጌ ደርድሬ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። የማያውቁትን ነገር የመናገር ተራ ሲደርስ ዶክተር ለስዓድ ባዶዎቹን ወንበሮች አየና «እኔ የማላውቀው ሰዎቹ ለምን እንደሄዱ ነው» አለ። «የሸርፊያው መዘጋት ሁላችንንም ያሳዘነ ነገር ነው፤ ግን ለምን ቁጥር መናገር ራሱን ፈሩ? ሁለት ዓመት አሰብኩት። አላውቅም።»

እንደ ድሮው ጊዜ ነበር የተናገረው፤ በቅንነት። ያ ነው መሰለኝ የሰበረኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሽምብራውን፣ ግማሹን፣ ስልኩን።

 ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀና «መቼ ነበር የነገሩሽ?» አለኝ።

«ከቱኒስ ስብሰባ በፊት።»

«እና እኔ ስደውልልሽ...»

«አዎ።»

ቱሃሚ፣ ሰው ካልለከፈ የማይውለው ቱሃሚ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ተነሥቶ ወንበሩን ወደ ግድግዳ መለሰ። በሩ ላይ ሲደርስ ብቻ ዞረና «ለዓም ሳሲ እኔ አልነግራቸውም፤ ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ» አለኝ።

ዶክተር ለስዓድ ሰው ነው። ጽሑፉን በራሱ ስም ሰረዘ፤ ለመሥሪያ ቤቱም ስህተቱ ከየት እንደመጣ ጻፈ። ውሳኔው እስኪነሳ አምስት ወር ፈጀ። እኔም አምስቱን ወር ወደ ዓም ሳሲ ቤት አልሄድኩም። ባዶ እጄን አልሄድም፣ ደብዳቤውን ይዤ እሄዳለሁ አልኩ። ይህም ያው ዛሬ ነገ ነው፤ ሌላ ልብስ ለብሶ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእኔ ነው።

አንድ ማክሰኞ ከቀትር በፊት ሄድኩ። ሚስታቸው፣ «ኻልቲ»፣ አክስቴ የምንላቸው ምበርካ፣ በሩን ከፈቱልኝ። «የት ጠፋሽ አንቺ! ሰው እንዲህ ይረሳል?» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ዓም ሳሲ ግቢው ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው፣ እግራቸውን ዘርግተው ቅርጫት ይጎነጉናሉ። ከስተዋል። ደብዳቤውን ሳልጠየቅ አነበብኩላቸው። ከዚህ ዓመት ጀምሮ «የሐሊማ» እንደ ቀድሞው ይተከል ይላል።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ «ግን እኮ የለችም፣ ልጄ። ባለፈው ወር በቱሃሚ ጀልባ ወስደውኝ አየኋት። አሸዋ ነው። የት ጀምራ የት እንደምትጨርስ እኔም ጠፋኝ። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ማን ውሃ ውስጥ ይገባልኛል?» አሉ። እንደ ወሬ ነው የተናገሩት። «ያም ሆኖ ደግ አደረግሽ። ከዓይን ጋር ተከራክረሽ ይህን ማምጣትሽ ራሱ...»

«ዓይን አይደለም ዓም ሳሲ» አልኩ።

እጃቸው ቆመ።

«ያለፈውን ቁጥር አላስተካከልኩም። ለማንም አልተናገርኩም። ዶክተሩ ‹ለምን እጥፍ ሆነ?› ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ አላውቅም አልኩት። በዚያ ነው የተዘጋው። እርስዎ እውነት ስለተናገሩ አይደለም፤ እኔ ዝም ስላልኩ ነው።»

ኻልቲ ምበርካ ትሪ ይዘው ከጓዳ እየወጡ ነበር፤ የበሩ ደፍ ላይ ቆሙ።

«ያን ደብዳቤ ስታነቢልኝ» አሉ ዓም ሳሲ፣ «ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«በሩ ጋ ዓይን ነው ስልሽም?»

«አውቅ ነበር።»

ቅርጫቱን ቀስ አድርገው ጎናቸው አስቀመጡት። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲቆጡ ለምኜ ነበር። ፊታቸውን ከእኔ አዞሩ።

«የሰው ዓይን ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ።

ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። በዚያ ቤት ሃያ ጊዜ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ ተነሥተው ሸኝተውኝ አያውቁም። ያን ቀን ግን እያነከሱ እስከ ውጭው በር ድረስ መጡ፣ መቀርቀሪያውን ራሳቸው ከፈቱልኝ፣ እንደ ባዕድ እንግዳ ጎንበስ ብለው «በደህና ይግቡ፣ መምህርት» አሉኝ።